አልጋው ነው የሚያደክማቸው፦ ስለ አረጋውያንና ሆስፒታል ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ጋ ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። ላላነበባችሁት ባጭሩ፣ ጸሐፊው የሚለው ይህን ነው። ሽማግሌ ሆስፒታል ገብቶ ደክሞ የሚወጣው በዕድሜው ምክንያት ነው፤ ከ75 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሆስፒታል ትርፉ መንገላታት ነው። የግድ ከገባ ከአልጋው ሳይወርድ ይረፍ፣ ለጉልበቱ ጉሉኮስ ይሰካለት፣ ሌሊት ከተቀባዠረ ጃጅቷልና ዝም በሉት። የአቅም መለኪያ የሚባለው ነገር ማሽን ላላቸው ፈረንጆች ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ደግሞ የፈጣሪ ሥራ ነው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምተዳደረው ሰው ከአልጋ በማስነሳት ነው፤ ስለዚህ ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍከው ይታያል፤ ወላጅ ያስታመመ ሰው ብሶት አለበት። ግን ከምክርህ ውስጥ ሰውን የአልጋ ቁራኛ የሚያደርግ አለና ነጥብ በነጥብ እንነጋገር።

ከዕድሜው እንጀምር። 75 የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳመጣኸው አልነገርከንም። ደሴ የኖረ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? እዚህ ከተማ 80 ያለፉ እናት ከሰኞ ገበያ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ዳገቱን ሲወጡ፣ መሐል ላይ ቆመው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጤና ሲጠይቁ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ሲቀጥሉ ታያለህ። እዚያው መንገድ ላይ ገና ጡረታ የወጣ የ62 ዓመት ሰው ባጃጅ ካልያዘ ቤቱ አይደርስም። ሁለቱ በአንድ ሳምንት በሳንባ ምች ቢተኙ ለማን ትፈራለህ? እኔ የምፈራው ለ62 ዓመቱ ነው።

ሐኪሞች ፍሬይልቲ የሚሉት ይህንን ነው። የሰውነት የመጠባበቂያ አቅም መሟጠጥ ማለት ነው። ጎተራው የጎደለ ቤት አንድ ክፉ ክረምት እንደሚበቃው፣ አቅሙ የተሟጠጠ ሰውም ሌላውን ሁለት ቀን አስተኝቶ የሚለቅ ጉንፋን ለወር ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ5,300 በላይ ሰዎችን መረጃ ይዘው አምስት ምልክት አስቀመጡ። ሳይፈልጉ መክሳት፣ ቶሎ መዛል፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከአምስቱ ሦስቱ ያሉበት ሰው ፍሬይል ይባላል። ስንቶቹ ሆኑ ብለህ ትገምታለህ? 6.9 በመቶ ብቻ። ማርጀትና መድከም አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ሆስፒታል ውስጥ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ አገር ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ ከተኙት አረጋውያን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ፍሬይል ሆነው ይገኛሉ። በኮቪድ ጊዜም ነገሩ ፍንትው ብሎ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሥር የብሪታንያና ከአንድ የጣሊያን ሆስፒታል 1,564 ሕሙማን ታይተው፣ ማን እንደሚሞትና ማን ብዙ እንደሚተኛ ከዕድሜም ከተደራቢ በሽታም ይልቅ የአቅም መዳከሙ አስቀድሞ ይናገር ነበር። ስለዚህ በልደት ዓመት ሰው መመደቡን ተወው።

መለኪያው ማሽን ይፈልጋል ያልከው ደግሞ አሳቀኝ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴና የኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ያየን ሰዎች ነን፤ ያለ ማሽን መሥራት ምን እንደሆነ ለእኛ አትነግረንም። በየሆስፒታሉ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ በካናዳዊው ሐኪም ኬኔት ሮክውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ነው። መጀመሪያ ሰባት ደረጃ ነበረው፣ አሁን ዘጠኝ ሆኗል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድክመቱ ይብሳል። የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና የሚጠይቅ አፍ ነው። ዋናው ብልሃቱ ደግሞ ሰውየው ዛሬ ትኩሳት ላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል አይጠይቅም፤ ከመታመሙ ሁለት ሳምንት በፊት እንዴት እንደነበረ ነው የሚጠይቀው።

እኔ ይህን በወሎኛ እጠይቀዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት እማማ ቡናቸውን ራሳቸው ያፈሉ ነበር? አባባ ለጁምዓ በእግራቸው ይሄዱ ነበር? ሱጁድ ከወረዱ በኋላ ሰው ሳይደግፋቸው ይነሱ ነበር? ቅዳሴውን ቆመው ነው ያስቀደሱት ወይስ ተቀምጠው? የጡረታ ብራቸውን ራሳቸው ቆጥረው ይቀበሉ ነበር ወይስ ልጅ ነው የሚቀበልላቸው? ገላቸውን ማን ያጥባቸዋል? እዚህ ላይ አስታማሚው ያስብና ወይ ፊቱ ይበራል፣ ወይ ደግሞ ይጨልማል። ገንዘብና መንገድ ላይ ብቻ እርዳታ የሚሹ ከሆነ ደረጃው አምስት አካባቢ ነው። ገላ መታጠብም ሰው የሚፈልግ ከሆነ ወደ ስድስት ይሄዳል። ራስን በመንከባከቡ ሁሉ የሰው እጅ ከሆኑ ሰባት ነው። ይህን ለመጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቡና እስኪቀዳ አይፈጅም። መልሱ ግን ስለ ኦፕሬሽኑም፣ ስለ መድኃኒቱም፣ ስለሚወጡበት ቀንም ሐሳብ ያስቀይራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሽተኛ ከአልጋ አይውረድ፣ ሽማግሌን ማስነሳት ጭካኔ ነው ብለሃል። ከጽሑፍህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚወደው ምክር ነው።

እኛ አገር አስታማሚ ፍቅሩን የሚገልጸው በማስተኛት ነው። እማማ ትንሽ ቀና ሲሉ ዙሪያው ያለው ሁሉ ብድግ ይልና «ይተኙ እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?» ይላል። ውሃው አፋቸው ድረስ ይቀርባል፣ ጉርሻው ይከተላል፣ እጃቸውን እዚያው አልጋ ላይ ይታጠባሉ፣ ፀጉራቸውን የልጅ ልጅ ያበጥራል። ሽንት ቤት ልሂድ ካሉ ፓምፐርስ ይገዛል። አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔ ዋርድ ስገባ መጀመሪያ የማየው የአልጋውን ሥር ነው። ጫማ አለ ወይ? ብዙ ጊዜ የለም። እንዳይጠፋ ተብሎ በገቡበት ቀን ከልብሳቸው ጋር በፌስታል ታስሮ ቤት ሄዷል። የደሴ ወለል በጠዋት እንዴት እንደሚበርድ ታውቃለህ፤ በባዶ እግሩ ማን ይረግጠዋል? ልጅየውን «ጫማቸውስ?» ስለው «ምን ያደርግላቸዋል፣ ተኝተው አይደል?» ይለኛል። ነገሩ ያበቃው እዚያ ጋ ነው።

እስኪ ቁጥሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአማካይ 67 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። ልብ በል፣ እነዚህ አልታመሙም፣ ትኩሳት የለባቸውም፣ ምግባቸውም ተመጥኖ ይቀርብላቸው ነበር። የእኛዎቹ ላይ ሳንባ ምች፣ መብላት አለመቻልና በመርፌ የተወጋ ክንድ ሲጨመርበት አስበው። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ሆስፒታል የተኙ 45 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ተገጥሞ ነበር፤ ከመግባታቸው በፊት ሁሉም በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ከቆይታቸው 83 በመቶውን ተኝተው አሳለፉ። እንግዲህ ይህ አሜሪካ ነው፣ ነርሱ በብዛት ያለበት አገር። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አለ፤ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 2,293 ሕሙማን ሲታዩ 35 በመቶው ሲወጡ፣ ከመታመማቸው በፊት ራሳቸው ይሠሩት ከነበረው ነገር ቢያንስ አንዱን አጥተዋል። መልበስ፣ መታጠብ፣ መብላት፣ ከአልጋ መውረድ፣ ሽንት ቤት መሄድ፤ ከእነዚህ አንዱን።

ሽንት ቤት መሄድ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የፈረንጆቹ ጥናት ይህን የእኛን ጉዳይ አያውቀውም። የእኛ ቤት ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው፣ ያውም ከግቢው ጥግ፣ ድንጋዩን ተራምደህ። ቁጢጥ ብሎ መነሳት የሚቻለው በጭን ጡንቻ ነው። አልጋ ላይ መጀመሪያ የሚያልቀውም ያው የጭን ጡንቻ ነው። ስለዚህ እናት ከሳንባ ምቻቸው ድነው፣ ሐኪሙም «ጨርሰዋል፣ ይሂዱ» ብሎ፣ ቤተሰቡ ሙክት ሊያርድ ሲዘጋጅ፣ በማግሥቱ ጠዋት ከዚያች ጉድጓድ ላይ መነሳት ያቅታቸዋል። ያፍራሉ። ካፈሩ ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ፣ እንዳይመላለሱ። ውሃ ሲቀንሱ ይደርቃሉ፣ ይዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ። ሰው ከዚያ በኋላ «አልቀናቸውም፣ ዕድሜ ነው» ይላል።

ቢወድቁስ የሚለው ስጋትህ የእውነት ነው፤ አልንቀውም። ግን ሳምንት ተኝቶ የተነሳ ሰው ነው ይበልጥ የሚወድቀው። አነሳሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ትራስ ከፍ አድርጎ ማስደገፍ፣ ከዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ እግር ማንጠልጠል፣ እዚያው ትንሽ መቆየት። ካዞራቸው መልሶ ማሳረፍ። ካላዞራቸው ጫማ አጥልቆ፣ ነጠላውን እንዳይጠልፋቸው አጣጥፎ፣ በደካማ ጎናቸው በኩል ቆሞ ማስነሳት። ብብታቸው ሥር ገብቶ መጎተት የለም፣ ትከሻ ያወልቃል። ያልተጠገነ ስብራት ያለበት ሰው፣ ግፊቱ የወረደ ወይም ሐኪሙ አይነሳ ያለው ሰው አይነሳም፤ ሲስተሯን ጠይቁ። ሌላው ሁሉ ለምሳ ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል። በነገራችን ላይ የሽንት ቱቦም ጉዳይ አለ። ለአንድ ቀን የገባ ቱቦ ተረስቶ ሳምንት ሲከርም፣ ኢንፌክሽኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ ሰውየውን ከአልጋው ጋር ያስረዋል። «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

በዚህ ዕድሜ የሄደ ጉልበት አይመለስም ያልከውም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸው አሥር የአረጋውያን ማቆያ ነዋሪዎች ለስምንት ሳምንት ክብደት እንዲያነሱ ተደርጎ፣ ጨርሰው የወጡት የእግር ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በሆስፒታል ውስጥም ተሞክሯል። ስፔን፣ ፓምፕሎና ከተማ፣ በአማካይ 87 ዓመት የሆናቸው 370 ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ በቀን ሁለት ጊዜ 20፣ 20 ደቂቃ ያህል እየተራመዱና እየተቀመጡ እየተነሱ ልምምድ ሠሩ፤ ግማሹ በተለመደው መንገድ ታከሙ። ሲወጡ፣ ከመቶ በሚያዘው የራስን የመቻል ነጥብ በተለመደው መንገድ የታከሙት አምስት ያህል ነጥብ ወርደው፣ የተንቀሳቀሱት ወደ ሁለት ነጥብ ጨምረው ተገኙ። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒት አይደለም። ሁሉም የታመመ ነው፣ ሁሉም ሽማግሌ ነው።

ጉሉኮስ። እህ! ይሄን ነገር መቼ ነው የምንተወው? አንድ ሊትር የ5 በመቶ ጉሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ በካሎሪ ቢቆጠር 200 እንኳ አይሞላም። ፕሮቲን የሚባል ነገር የለበትም። የታመመ አረጋዊ በኪሎው ልክ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ የሆኑ እናት ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል አለው፤ ሂሳቡን ሥሩት። መዋጥ ለማይችል ወይም ለደረቀ ሰው በክንድ የሚገባው ፈሳሽ ሕይወት ነው፣ አልካድኩም። ለጉልበት ተብሎ ሲሰካ ግን ክንዱን ከማሰሩ በላይ ልቡ ለደከመ ሰው ሳንባው ውስጥ ውሃ ሊሞላ ይችላል። በዚያ ፈንታ አጥሚቱ ላይ ወተት ይጨመርበት፣ ሽሮው ወፈር ይበል፣ እንቁላሉ ይፈርፈር። ጥርስ ከሌላቸው ምስሩ ይፈጭ። ጾም ነው የሚሉ ካሉ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃዱ በቁርኣን የተነገረ ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ ለዚህ የሚመክር አባትና ሼህ አይጠፋም፣ አስታማሚው ቀድሞ ቢጠራቸው ነው የሚሻለው።

«ጃጅተዋል፣ ዝም በሏቸው» ያልከው ግን ያናድዳል። ትናንት የልጆቻቸውን ስም በተራ የሚጠሩ ሰው ዛሬ ሌሊት የሞተ ወንድማቸውን ሲጣሩ፣ ግድግዳው ላይ ሰው አለ ሲሉ፣ ጉሉኮሱን ሲነቅሉ፣ ይህ በአንድ ሌሊት የመጣ መጃጀት ሊሆን አይችልም። መርሳት ቀስ ብሎ በዓመታት ነው የሚመጣው። በሰዓታት ውስጥ የመጣ መቀባዠር ዴሊሪየም ይባላል፣ ምክንያት አለው፣ አስቸኳይ ነው። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሽንት ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት፣ የውሃ ጥም፣ ሕመም፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ እንቅልፍ ማጣት። አቅማቸው የደከመባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ቶሎ ይመጣል። ሁሉም አይጮኹም፤ ዝም ብለው ፈዘው የሚውሉም አሉ፣ አስታማሚው «ዛሬ ጥሩ ተኙ» እያለ ደስ ሲለው። በጣም የምፈራው ያንን ነው። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ተብሎ ዲያዜፓም ከተጨመረበትማ ይብስባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሻሮን ኢኑዬና ባልደረቦቿ 852 አረጋውያን ሕሙማንን ይዘው ይህን መከላከል እንደሚቻል አሳይተዋል። የሠሩት ተአምር የለም። ቀኑንና ቦታውን መንገር፣ መነጽራቸውን ማድረግ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ማስነሳት፣ ሌሊት አለመቀስቀስ። በተለመደው እንክብካቤ 15 በመቶ የነበረው መቀባዠር ወደ 9.9 ወረደ። እነሱ ለዚህ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ አሰማሩ። እኛ አስታማሚ አለን፣ ቀንም ሌሊትም። ጸበል የረጨውም ዱዓ ያደረገውም ያድርግ፣ ማንም አይከለክለውም፤ ብቻ ለሲስተሯ «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» የምትለዋን ቃል ሳይነግር አይቅር። ትናንት እንዴት እንደነበሩ የሚያውቀው አስታማሚው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ሆስፒታል አረጋዊን ይጎዳል ያልከው እውነት ነው። ደረጃ ስምንት ላይ ላለ፣ ማለትም በሁሉም ነገር የሰው እጅ ሆኖ ወደ ሕይወቱ ማብቂያ ለተጠጋ ሰው፣ ሁሉም ዓይነት ምርመራና ኦፕሬሽን መደረግ የለበትም፤ «ይህ ነገር ምን ይጨምርላቸዋል?» ብሎ ሐኪሙን ማነጋገር ተገቢ ነው፣ እሳቸውንም ራሳቸውን ጠይቆ፤ እሳቸውን መጠየቅ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም። ግን ከዚህ ተነስተህ አትውሰዷቸው ማለትህ ነገር ያበላሻል። ከ13,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 29 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ተጠቃለው ሲታዩ፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ አብረው በሽታውንም አቅሙንም ኑሮውንም መዝነው የታከሙ አረጋውያን ከወራት በኋላ በሕይወት ቤታቸው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ልዩነቱን የሚያመጣው እንዴት እንደሚታከሙ ነው። በሙያዬ ሆኜ የምለው፣ እንዲህ ያለ ቡድን በየሆስፒታሉ የለንም፣ ይህን ጠይቀህ ብትጽፍ ኖሮ እኔም አብሬህ እጮህ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብህ፣ ከወጡ በኋላ ያለው የፈጣሪ ሥራ ነው የሚለው። ፈጣሪ የራሱን ይሠራል፤ ለእኛም የተወልን አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት በመንግሥት መድን ከታከሙት ሕሙማን ወደ አንድ አምስተኛው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው ተኝተዋል። እነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ናቸው አደገኞቹ። ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት መሐሉ የተበሳ ወንበር ለሽንት ቤቱ ይሠራ፣ አናጢ በቀላሉ ይሠራዋል። ደረጃ ካለ መደገፊያ ይበጅ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄዱ ከሆነ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ ያዞራቸዋልና ከፊት ይቀመጡ። ቤት ሲደርሱ በዕለቱ ጠያቂ ሁሉ ሲመጣ አልጋ ላይ ሆነው አይቀበሉ፣ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ቡናው ጋ።

ከሁሉም በፊት ግን ያቺ የመድኃኒት ፌስታል። ሁሉም ቤት አለች፣ ቁም ሣጥን ላይ ወይ ትራስ ሥር። የድሮው የግፊት መድኃኒት አለ፣ ፋርማሲ የሰጠው የወገብ ማስታገሻ አለ፣ ጎረቤት ያካፈለው አለ፣ በሁለት የተለያየ ስም የተገዛ አንድ ዓይነት ክኒንም አይጠፋም። አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን እርስ በርስ መጣላቱ፣ ማዞሩና መጣሉ ይጨምራል። የመውጫ ወረቀቱ ሲጻፍ ፌስታሏን እንዳለች ይዛችሁ ሂዱና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፏት። የቱ ይቀጥል፣ የቱ ይቁም፣ አንድ በአንድ ይነገራችሁ፤ የሚቆመው ቤት አይመለስ።